የኋላ ማርሽ የሌላት መኪና

ሳላሀዲን ሞቶ የተገኘው በገዛ እጁ በገጣጠማት መኪና ውስጥ፣ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ሮቤን እንደ ልማዷ ጉም ውጧታል። ልጃቸው ጋራዥ የማደር ልማድ ስለነበረው እናቱ አዴ ጁሀራ ቁርስ ይዘውለት መጡ። የቆርቆሮውን በር ሲከፍቱ የታመቀ ጭስ ፊታቸውን መታቸው። የተኛ መስሏቸው "ተነሳ እንጂ፣ ረፈደ እኮ" ብለው ትከሻውን ነካ አደረጉት። ትከሻው ደርቋል። ሳህኑ ከእጃቸው ወደቀ።

ኢንስፔክተር ማሚቱ ስትደርስ ሰፈሩ በሩ ላይ ተኮልኩሏል። የሮቤ ሰው ክፉ አይደለም፤ ግን ፖሊስ እስኪመጣ የሚጠብቅበት ትዕግሥት የለውም። ምርመራውን ጨርሶ ፍርዱን ሰጥቷል።

"ራሱን ነው ያጠፋው" ይላል አንዱ።

"ዓመት ሙሉ ሰው አልጠጋ ብሎ አልነበር?" ይላል ሌላው።

"አስተግፊሩላህ! ሟች አይታማም" ይላል ሦስተኛው፤ ጆሮውን ግን አላነሳም።

"ዞር በሉ!" አለች ማሚቱ። "ሬሳ አይታችሁ አታውቁም?" ጎባ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የምትናገር፣ ቁመቷ አጭር ምላሷ ረጅም ሴት ናት። ሰዉ ዞር አለላት።

ጋራዡ ጠባብ ነው። መኪናይቱም የመኪና ወግ የላትም፤ ከአዲስ አበባ በሣጥን ተበታትና መጥታ እዚህ ብሎን በብሎን የተገጣጠመች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ዝቅ ያለች ነገር ናት። ከወንበሮቹ ጀርባ የሞተር ሳይክል ሞተር ተገጥሞላታል። ቀለም ገና ስላልደረሳት በዝገት መከላከያ ቀይ ቅብ ትዞራለች፤ ለዚህ ነው ሰፈሩ "ቀበሮ" ያላት። ፊቷ ወደ በሩ ዞሯል። ቁልፏ እንደተከፈተ ነው፤ ቤንዚኗ አልቋል። በበሩ ሥር ያለው ክፍተት በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅጥቋል።

"ጆንያው ሁልጊዜም አለ" አለ ሳጅን ከሊል፣ እጁን እያሻሸ። "የኛን ብርድ ያውቁት የለ። ሞተር ሲያስተካክሉም በሩን ዘግተው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበትን ልክ፣ እያስተካከለ እንቅልፍ ወሰደው፤ ጭሱ ጨረሰው። በቃ።"

"አንተም እንደ ሰፈሩ ፈረድክ?"

ከሊል ማስታወሻውን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ።

አዴ ጁሀራ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አላለቀሱም። ማሚቱን እጇን ያዙና ወደ ጥግ ወሰዷት።

"ልጄ፣ የሚሉትን ሰምተሻል። ራሱን አጠፋ ይላሉ። ቀብሩ ላይ የሚመጣው ሰው እያጉረመረመ ሊመጣ ነው፤ ዱዓ ሲያደርግለትም እየተጠራጠረ ነው። እኔ ያለ እሱ ልጅ የለኝም፤ ስሙን ብቻ ነው የተወልኝ።"

"አዴ ጁሀራ፣ እኔ ገና ምንም አላውቅም።"

"እወቂ እንግዲህ። ራሱን ከገደለ ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ። ካልገደለ ደግሞ ንገሪኝ። በሐሜት መሃል አታስቀምጪኝ፤ ዱቢ ሰው ይገድላል።"

ዱቢ፣ ወሬ ማለታቸው ነው። ማሚቱ እሺ አለች፤ እሺ ማለት ቀላል ነው።

ሬሳው ወደ ጎባ ለምርመራ ከሄደ በኋላ ወለሉን ለማየት መኪናይቱን አወጧት። ፍሬኗን ሲለቁት ብቻዋን ተንሸራታ ወጣች፤ የጋራዡ ወለል ከግቢው ከፍ ያለ ነው። ወለሉ ላይ ከዘይት ነጠብጣብና ከተበታተነ የብሎን መፍቻ በቀር የረባ ነገር አልተገኘም። ያን ጊዜ ዝናቡ መጣ።

"አስገባት፣ ትበሰብሳለች!" አለች ማሚቱ።

ከሊል ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ገባና ማርሹን ያማታ ጀመር። "የኋላ ማርሿ የቱ ጋ ነው?"

ማሚቱ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እሷ ራሷ የፖሊስ ሞተር ሳይክል ትነዳለች። "የሞተር ሳይክል ሞተር ነው እኮ! ሞተር ሳይክል ወደ ኋላ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ?"

"ታዲያ እንዴት ነው የምትገባው?"

"ትገፋለህ፣ ጌታው።"

ከሊል ወርዶ ገፋ። መኪናይቱ ትንሽ ዳገቷን ነካ አደረገችና ተመልሳ መጣችበት። ሌላ ፖሊስ ጨመሩ፤ ሁለቱ እየተንሸራተቱ፣ እያቃሰቱ በጀርባዋ አስገቧት። ማሚቱ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

"ከሊል፣ ትናንት ይቺ መኪና ወጥታ ነበር?"

"ወጥታ ነበር። የጎባን መንገድ ስትወርድ ድምጿን የሰማ ብዙ ሰው ነው።"

"በፊቷ ቢያስገባት ኖሮ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ እናገኛት ነበር። ያገኘናት ግን በጀርባዋ ገብታ ነው። አንተ ብቻህን አቃተህ፤ ሳላሀዲን ካንተ የቀጠነ ነው። ማን ገፋለት?"

ከሊል ዝናቡን በመዳፉ ከፊቱ ጠረገ። "መንገደኛ ጠርቶ ይሆናል።"

"መንገደኛ ቢሆን እስካሁን ዝም ይል ነበር? ሮቤ ውስጥ ሟችን በመጨረሻ ያየ ሰው ለሦስት ወር ይተርከዋል። ይሄ ሰው ዝም ያለበት ምክንያት አለው።"

ማታውኑ የሐኪሙ ቃል ከጎባ መጣ። ሳላሀዲንን የገደለው ጭስ ነው። ነገር ግን ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ያበጠ ምት አለ፤ ወድቆ ይሁን ተመትቶ ሐኪሙ አላወቀም።

እሑድ ሬሳው ተቀበረ። ሐሜቱ ግን አልተቀበረም።

ማሚቱ መጀመሪያ የሄደችው ጎባ፣ አቶ ፍቅረሥላሴ ዘንድ ነው። ጎባ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናቸው። መኪናይቱን በሣጥን ያስመጡት እሳቸው ሲሆኑ፣ መገጣጠም ቢያቅታቸው "አንተ ሥራት፣ በጋራ እንነዳታለን" ብለው ለሳላሀዲን ሰጡት። ከሁለት ሳምንት በፊት ጋራዡ በር ላይ "አቃጥላታለሁ!" ብለው ሲጮሁ ሰፈር ሰምቷል።

"ብዬ ነበር" አሉ፣ ሳይሸሽጉ። "ምን ላድርግ! ዳገት ስትወጣ ጥቁር ጭስ እየተፋች ትታፈናለች። በባሕር ወለል ደረጃ ላለ አገር የተሠራ ካርቡራተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ እዚህ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ክፈተውና አስተካክለው አልኩት። 'እሺ፣ ነገ' ይለኛል። ነገ ነገ እያለ ክረምት ገባ። ሌላ መካኒክ ላምጣ ስለው ደግሞ አበደ። ሌላ ሰው ካርቡራተሩን እንዲነካ አይፈልግም።"

"ለምን?"

"እኔ ምኑን አውቄ! ሙሉ መኪናዋን ጎረቤት ሁሉ ሲነካካት ግድ የለውም፤ ካርቡራተሩ ላይ ሲደርሱ ብቻ ዓይኑ ይቀላል።"

"አርብ ከሰዓት የት ነበሩ?"

"ስብሰባ ላይ።"

ከሊል አጣርቶ ሲመለስ ፈገግ ብሏል። "እውነታቸውን ነው። ከጥግ ወንበር ላይ ተኝተው ያላያቸው የለም። አንኮራፍተው ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ ንግግሩን አቋርጧል አሉኝ። እንዲህ ያለ ጠንካራ ምስክር አይቼ አላውቅም።"

አቶ ፍቅረሥላሴ ማሚቱን ሲሸኟት አንድ ነገር ጨምረው ነበር። "ሞተሩ እኮ የማሜ ነው። የወዚር ታናሽ ወንድም፣ አምና በሞተር ሳይክል የሞተው ልጅ። ወዚር ነው ለመታሰቢያ ይሁነው ብሎ ለመኪናዋ የሰጠው።"

ይህን ሁሉም ያውቃል። ማሜ ከዲንሾ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ መዞሪያውን ስቶ ገደል ገባ፤ "ፍጥነት ወዳድ ነበር፣ የራሱ ጥፋት ነው" ተባለ። ወዚርና ሳላሀዲን ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ የማይነጣጠሉ፣ በአንድ ጋራዥ አብረው የሚሠሩ ናቸው፤ ብረት መበየዱ የወዚር፣ ሞተሩ የሳላሀዲን። ማሚቱ ይህን እያሰበች በሚኒባሱ መስኮት የስንዴውን ማሳ እያየች ተመለሰች። ጉሙ አልተነሳም።

ከጋራዡ ፊት ለፊት ጤቤ ሻይ ትሸጣለች። እሷን አልፎ የሚገባም የሚወጣም የለም፤ ይሁን እንጂ በጉም ቀን ዓይን አይሠራም።

"አላየሁም እህቴ። እጄንስ መች አየሁት! ወንዱ ሁሉ ደግሞ ጁምዓ ሄዷል፣ መንገዱ ጭር ብሏል። ሰምቻለሁ ግን።"

"ምን ሰማሽ?"

"ቀበሮዋ ከጎባ በኩል ስትመጣ ጮኸች። እንደ ወትሮዋ አይደለም፤ እንደሚታረድ ነገር ነው የጮኸችው፣ ያለማቋረጥ። ከዚያ ቀጥ አለች። ትንሽ ቆይቶ ተነስታ ቀስ ብላ ግቢው ውስጥ ገባች። ከዚያ ዝም ሆነ። ሰዉ ከጁምዓ ሊመለስ ሲል እንደገና ተነሳች፤ አሁን ግን እንደ ድመት ነው የምታንኮራፋው። እንዲህ ለስልሳ ሰምቻት አላውቅም። 'ጎሽ፣ አስተካከላት' አልኩ ለራሴ።" ጤቤ ብርጭቆውን እያጠበች አቆመች። "ያንን ጩኸት ግን ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ።"

"መቼ?"

"ማሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሞተ ቀን ጠዋት። ወደ ዲንሾ ሲሄድ በዚህ አለፈ፤ ሞተሩ እዚህ ደጄ ላይ ለአፍታ እንዲሁ ጮኾበት መታ መታ ሲያደርገው ተወው። እየሳቀ ሄደ።"

ማሚቱ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች። ነገሩ ውስጥ ውስጡን እየበላት ነበር፤ ግን ገና ስም አልነበረውም።

ሰኞ ለቅሶ ቤት ገባች። ድንኳኑ ሙሉ ነው። ከሁሉም በላይ የሚደክመው ወዚር ነው፦ ውሃ ይቀዳል፣ እጅ ያስታጥባል፣ ሽማግሌ ይደግፋል፣ የስንዴ ንፍሮ በትሪ ያዞራል። ዓይኑ ገብቷል፤ ጉንጩ ሟሟል። "እንዲህ ያለ ጓደኛ ለማንም ይስጥ" ይላል ያየው ሁሉ። መቃብሩንም የቆፈረው እሱ ነው።

"ወዚር፣ ራስህ ትንሽ ቅመስ እንጂ" አለችው ማሚቱ፣ ንፍሮውን ሲያቀርብላት።

"ሰኞ አይደል? ሰኞና ሐሙስ ጾመኛ ነኝ።"

"ትናንትም አልበላም" አሉ አጠገቧ የተቀመጡ ሴት። "ጥርሴን አሞኛል አለ። ሐዘን ነው፣ ምን ይደረግ።"

ማሚቱ ወደ ውጭ ይዛው ወጣች።

"አርብ የት ነበርክ?"

"ጎሮ። ለበሩ ማጠፊያ ልገዛ ገበያ ወጥቼ ነበር። ጠዋት በሚኒባስ ሄጄ ማታ ተመለስኩ። ጋራዡ ዝግ ነበር፤ እናቱ ጋ የሄደ መሰለኝ።"

"መንገዱ እንዴት ነበር?"

"ደህና ነው። ጭቃ ብቻ።"

"ጠላት ነበረው?"

"ሳላሀዲን?" አለ ወዚር። "ወላሂ ከሱ የምወደው ሰው አልነበረኝም።"

እውነቱን ነበር። ማሚቱ ስንት ውሸታም ሰምታለች፤ ይሄ ውሸት አይደለም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አሳዘናት።

ከለቅሶ ቤት ወጥታ ሞተር ሳይክሏን አስነስታ በጋራዡ በኩል ስታልፍ፣ ከጤቤ ቤት መጋረጃ ሥር ወዚርን አየችው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዳቦ በሻይ እያጠቀሰ እንደተራበ ሰው እየዋጠ ነው። ጾመኛው።

ሳታስበው ፍሬን ያዘች።

ልጅ ሆና ጎባ፣ የጎረቤታቸው ሰውዬ የሟች ዘመዶች ግቢ በር ላይ ቆሞ፣ የቀረበለትን ወተት ሳይነካ ሲመለስ አይታለች። ለምን ብላ አባቷን ብትጠይቅ፣ "ደም አለበት፤ ጉማው፣ የደሙ ካሳ፣ ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ሳያስታርቅ የገደለ ሰው በተገደለው ቤት እህል ውሃ አይቀምስም" አሏት። በባሌ ይህንን ሕፃን ያውቀዋል። ሰው ፖሊስን ይዋሻል፣ ዳኛን ይዋሻል፣ ድንኳን ውስጥ ያለን ሕዝብ ሁሉ ይዋሻል። ያንን ጉርሻ ለመዋጥ ግን ጉሮሮው እሺ አይለውም።

"የለም የለም" አለች ለራሷ። "በዳቦ ሰው አይታሰርም።"

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ከሊል ከመናኸሪያ ተመለሰ።

"ተራ አስከባሪው ወዚርን ያስታውሰዋል። አርብ ጠዋት የጎሮ ሚኒባስ ላይ ተሳፍሯል።"

"እሺ?"

"ሚኒባሷ ግን ጎሮን አላየችም። ገና ከከተማ ሳትወጣ ፍሪሲዮኗ ተቃጠለ። ተሳፋሪው እየተራገመ ተበተነ፤ ወዚርም አብሮ ወረደ።"

"በሌላ መኪና ሄዶ ይሆናል።"

"ይሆናል። ግን ለምን አልነገረዎትም?"

ማሚቱ ራሷን ነቀነቀች። በዚህ አገር መኪና የተበላሸበት ሰው ሳያማርር ስለ መንገዱ አያወራም። "ደህና ነው፣ ጭቃ ብቻ" ያለው ያልሄደበትን መንገድ ስለሆነ ነው።

"አሁን ያዘው ይበሉኝ?" አለ ከሊል።

"ምን ብዬ? የሚወደውን ሰው ለምን እንደገደለው አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ካለ እናቱ ናቸው።"

አዴ ጁሀራ ከድንኳኑ ኋላ ጓዳቸው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ማሚቱ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

"አዴ ጁሀራ፣ ሳላሀዲን ከአምና ወዲህ ተለወጠ ይላሉ። እርስዎ ምን አዩ?"

አሮጊቷ የጓዳውን መጋረጃ መለሱ።

"ወዚርና እሱ በሁለት እናት ነው ያደጉት። ግማሹን ቀን እዚህ ይበላሉ፣ ግማሹን የወዚር እናት ሃጂራ ጋ። ማሜ የሞተ ጊዜ ልጄ ለቅሶውን ብቻውን ተሸክሞት ነበር። ድንኳን የተከለው እሱ፣ ውሃ የቀዳው እሱ።" ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የሃጂራ ቤት ውሃ እንኳ አልቀመሰም። 'ሆዴን አሞኛል' ይላል። 'በልቻለሁ' ይላል። ሃጂራ 'ልጅሽ ናቀን እንዴ?' አለችኝ። እኔ ግን ገባኝ። ገብቶኝም ዝም አልኩ፤ እናት ነኝ፣ ልጄን ምን ብዬ ልጠይቀው?"

ማሚቱ ነገሮቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። የማሜ ሞተር። ማንም እንዳይከፍተው የተጠበቀው ካርቡራተር። ጤቤ የሰማችው ጩኸት። ሁሉም መጥቶ አንድ ቦታ ተቀመጠ።

"አሁን ደግሞ ወዚር" አለች ቀስ ብላ።

"አሁን ደግሞ ወዚር" አሉ አዴ ጁሀራ። "ዓይን የለኝም ብለሽ ነው? ከእሑድ ጀምሮ አየዋለሁ። ራሱ እስኪነግረኝ እየጠበቅኩት ነው።" ተነሱ። ከድስቱ ጨልፈው እንጀራ ላይ አወጡ። "በይ ተከተይኝ።"

ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ወዚር ብርጭቆ እየሰበሰበ ነበር።

"ቁጭ በል ልጄ" አሉት።

ቁጭ አለ። ሳህኑን ፊቱ አስቀመጡ።

"ብላ።"

"አዴ፣ በልቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ..."

"የት በላህ?"

አዴ ጁሀራ ቁራሽ ጠቅልለው በእጃቸው ወደ አፉ አስጠጉት።

"ይቺን እጅ ታውቃታለህ። ጥርስ ሳታወጣ ጀምሮ ያጎረሰችህ ናት። በሞቴ፣ ክፈት።"

ወዚር አፉን ሊከፍት ሞከረ። ማሚቱ መንጋጋው ሲታገል አየች። ከዚያ ፊቱን አዞረና ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ ጮኸ፤ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ተነሱ። ጉርሻው በአዴ ጁሀራ እጅ ላይ ቀረ።

"አልችልም! አልችልም፣ አዴ! በሌላው ነገር ሁሉ ዋሽቻለሁ፣ ይሄን ግን አልችልም!"

ማሚቱ አጠገቡ ተንበረከከች። "ወዚር። ሚኒባሷ ተበላሸችና ተመለስክ። ከዚያስ?"

ከኪሱ አንድ ነገር አውጥቶ ሳህኑ አጠገብ አኖረ። ትንሽ የሽቦ ስፕሪንግ ናት፤ አንዱ ጫፏ ተቆርጦ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተቀጥሏል። ሳላሀዲን የሚጠግነውን ሁሉ በዚያ ዓይነት ሽቦ ነበር የሚያስረው፤ ጋራዡ ውስጥ ያልታሰረ ነገር የለም።

"መምጣቴን ሲያይ ደስ አለው" አለ ወዚር። "ና እንሞክራት አለኝ፤ በጎባ መንገድ ወጣን። ስንመለስ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሳ ሞተሩ አልመለስ አለ። ጮኸ፣ ጮኸ። ቁልፉን ዘጋሁት። ወርጄ ሳየው እኔ ፔዳሉ ላይ ያሰርኩት ስፕሪንግ ወልቋል። ግን እሱ ቢወልቅስ? ካርቡራተሩ ውስጥ የራሱ አለው፤ ነዳጁን መልሶ የሚዘጋው እሱ ነው። ለምን አልዘጋም? መልሼ አሰርኩት፤ ቀስ ብለን መጣን፤ እንደ ሁልጊዜው ሁለታችን በጀርባዋ ገፍተን አስገባናት። 'ክፈተው' አልኩት። 'ነገ' አለኝ። ካቻቢቴውን ሳነሳ እጄን ያዘኝ።"

"ከፈትከው።"

"ከፈትኩት። ይቺ ነበረች ውስጡ። 'መቼ ነው ይሄን ያደረግከው?' አልኩት። መሬት ላይ ቁጭ አለ። 'ማሜ ቸኩሎ ነበር' አለኝ። 'ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ ነው። ደህናው ስፕሪንግ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ። ከዚያ ወዲህ ከፍቼ ላያት አልደፈርኩም።' ሰዉ ወንድሜን ፍጥነት ወዳድ ነው አለው! እናቴ ዓመት ሙሉ አንገቷን ደፋች! እሱ ያውቃል፣ እያወቀ ድንኳናችንን ተከለ! 'ልነግርህ ነበር፣ በየቀኑ ልነግርህ ነበር' እያለ ተነስቶ ሊይዘኝ መጣ። በሁለት እጄ ገፈተርኩት። ጭንቅላቱ የብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አረፈ።"

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል። ማንም አልተናገረውም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ስፕሪንጓን እያየ ከንፈሩን መጠጠ።

"ጠራሁት፣ አልመለሰም። ሞተ። እኔ እንግዲህ... ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ደህና ስፕሪንግ አስገባሁ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ በሩን ዘጋሁ። በጭስ ታፈነ እንዲባል። ራሱን አጠፋ ይላሉ ብዬ አላሰብኩም፤ ወላሂ አላሰብኩም። የሞተ ሰው ጭስ ምን ያደርገዋል ብዬ ነው።"

ማሚቱ ዝም ብትል ትወድ ነበር። ግን ነገ ከሌላ ሰው ከሚሰማው እዚሁ፣ እናቱ ፊት ይስማው አለች።

"አልሞተም ነበር፣ ወዚር። ራሱን ስቶ ነው። ሐኪሙ የገደለው ጭሱ ነው ብሏል። ስትዘጋበት ይተነፍስ ነበር።"

ወዚር ቀና ብሎ አያት። ለቅሶው ቆመ። ደጅ ሲጠብቅ የነበረው ከሊል ገብቶ ክንዱን ይዞ አስነሳው። እሱን ደግፈው ሲያወጡት ከድንኳኑ ውጭ የቆመው ሰው መንገድ ለቀቀ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ የሚያወራ ጠፋ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጉማ የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው። ሁለት ቤት፣ ሁለት ሬሳ፤ ማን ለማን ይክፈል? ትልቁ ሽማግሌ ጢሙን ይዞ "ያ ረቢ" አለና መልሶ ተቀመጠ።

አዴ ጁሀራ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሱ። እጃቸውን ታጠቡ።

"እንግዲህ ልጄ ራሱን አልገደለም።"

"አልገደለም፣ አዴ ጁሀራ።"

"አልሐምዱሊላህ።" ስፕሪንጓን በሁለት ጣት አነሱና መዳፋቸው ላይ አኖሯት። ከአተር ፍሬ አትከብድም። "ማሜን ግን ገድሎታል። ይሄንንስ አብሬ መጠየቄን መች አወቅኩት!" ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ቅዳሜም፣ ቀብሩ ላይም ያልወጣው እንባ ያን ጊዜ ወጣ። "ሃጂራ ናት ከእንግዲህ ያለችኝ። ነገ ብሞት የምታለቅስልኝ እሷ ነበረች። አሁን እሷ ቤቴ አትበላ፣ እኔ ቤቷ አልበላ።"

ስፕሪንጓ ማስረጃ ናት፤ መቀበል አለባት። ማሚቱ እጇን ዘረጋች፣ መልሳ ሰበሰበችው። አሮጊቷ ራሳቸው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

ሳህኑ እንደቀረበ ነው፤ እንጀራው መድረቅ ጀምሯል። አዴ ጁሀራ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

"አንቺ ደም የለብሽም። ሳህኑ ሳይነካ አይነሳ፤ አንቺ እንኳ ብዪልኝ።"

ማሚቱ ሥራ ላይ በሐዘንተኛ ቤት አትበላም ነበር። እጇን ታጠበችና በላች። ወጡ ቀዝቅዟል። አዴ ጁሀራ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለው ሳህኑ እስኪያልቅ ድረስ ጠበቋት።